ሚክሰሩን ያስቆሙት ጥሩምባ ነፊ

ጋሽ በዳዳ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ለሁላችንም መልእክት ልኮ ኖሯል። መነጽሬን አድርጌ ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት፤ ጨርሼ እንደገና ከላይ ጀመርኩት። የሰፈራችንን ሞት ሁሉ በገዛ አፋቸው ሲነግሩን የኖሩ ሰው፣ የእሳቸው ሞት ኪሴ ውስጥ ተንቀጥቅጦ መጣ። ተናደድኩ። ሐዘኑ ቆይቶ ነው የመጣው። ሐዘንን በንዴት በኩል ማስገባት ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሽ በዳዳ ናቸው።

ጋሽ በዳዳ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደፊት ሰገግ ያለ። የአቃቂ የድሮ ገበሬዎች ልጅ ናቸው። አባታቸው ሽምብራ ይዘሩበት የነበረው ጥቁር አፈር ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል። እሳቸው ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲያነሱና ሲጥሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጥሩምባውን ያነሱት ከዚያ በፊት ነው። ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፣ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ይቆማሉ፣ የጥሩምባውን አፍ በጋቢያቸው ጫፍ ሦስቴ ይጠርጋሉ፣ ይነፋሉ። የሟቹን ስም ከመጥራታቸው በፊት ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥለው በኦሮምኛ። አንድም ቀን ስም ተሳስተው አያውቁም።

ሰው ይፈራቸው ነበር። ሱቄ ሲገቡ ያለ ሰው ሁሉ ክው ይላል። ስለዚህ ሰላምታ ከማቅረባቸው በፊት፣ «አይዞሽ ዘሀራ፣ ክብሪት ፈልጌ ነው» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው እንዴት አደርሽ የሚመጣው።

አንድ አባባል ነበራቸው። «ሞት ሲነገር ነው ሞት የሚሆነው። ካልተነገረ ስርቆት ነው።» እኔ ያኔ የጥሩምባ ነፊ ወሬ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ፣ እስላም ነኝ። ባሌ በጭነት መኪና ይዞኝ መጥቶ ከአስፋልቱ ዳር ይህችን ሱቅ ከፈተልኝ። እሱ ሄደ፣ ሱቋ ቀረች። ዕድራችን ቅልቅል ነው፤ ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ። ወደ ሌላ ወሬ እየሄድኩ ነው መሰለኝ። የጋሽ በዳዳ ነገር ከአንድ ሆቴል ጋር ነው የተያያዘው፤ ወደሱ ልመለስ።

ሆቴሉ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮ ታጠረ። ከዚያ ጉድጓድ ተቆፈረ። ጉድጓዱ ከመጥለቁ የተነሣ ሰዉ «ፎቁን ወደ ታች ነው እንዴ የሚሠሩት?» እያለ ይቀልድ ነበር። ከዚያ ብረቱ ብቅ አለ፣ ከዚያ አንድ ፎቅ፣ ከዚያ ሁለት። ባለቤቱ መኩሪያ ይባላል። የሌላ አገር ሰው አይደለም፤ በቁምጣ እየመጣ ከእኔ ከረሜላ እየገዛ ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው። ሲሚንቶ ነግዶ ከበረ። እናቱ እማማ በላይነሽ ግን ከድሮ ቤታቸው ንቅንቅ አላሉም፣ ከዕድራችንም አልወጡም። ልጃችን ሆቴል ሊሠራ ነው ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ አልዋሽም። ሰፈራችንን ቃሊቲን የሚያውቃት ሁሉ በእስር ቤትና በመኪና ጭስ ነው። ሆቴል ሲኖረን በሌላ ትጠራለች አልን።

የጋሽ በዳዳ ልጅ ጫልቱ እዚያ ትሠራ ነበር። አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች እሳቸው ናቸው ጸጉሯን እየሠሩ ያሳደጓት። ጠማማ ሹሩባ ይዛ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትዝ ይለኛል። ሥራዋ ባሬላ መሸከም ነበር። ባሬላ የሁለት ሰው ሸክም ነው፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፣ መሐሉ ላይ አሸዋ ወይ የተቦካ ሲሚንቶ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ከእኔ ትገዛና እየሳቀች፣ «እማማ ዘሀራ፣ ይሄ ሆቴል ሲያልቅ የመጀመሪያዋ እንግዳ እኔ ነኝ። የተሸከምኩትን ያህል እተኛበታለሁ!» ትለኝ ነበር።

አራተኛው ፎቅ ላይ እያሉ፣ በአጠና የተሠራው መወጣጫ ጣውላው ጫልቱ እግር ሥር ተሰበረ። ጩኸት አልሰማሁም። የሰማሁት የጣውላውን ድምፅ ነው። ቀና ስል ሰው ሲሮጥ አየሁ። በፒክአፕ ጭነው ወሰዷት፤ ሐኪም ቤት ስትደርስ ሞታለች።

ሰው ይሞታል፤ ፎቅ ሲሠራ ሰው መውደቁም ያለ ነው። ይህንን ጋሽ በዳዳም ያውቃሉ። ያላወቁት ቀጥሎ የመጣውን ነው። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ በር ላይ ቆሞ፣ «ስሟ የዛሬው መዝገብ ላይ የለም። የእኛ ሠራተኛ አይደለችም። ለጓደኛዋ ምሳ ልታቀብል ገብታ ነው» አለ። የባሬላዋን ሌላ ጫፍ ይዛ የነበረችው ልጅ በዚያው ቀን ወደ አገሯ ተሳፈረች፤ ማን እንዳሳፈራት አላህ ይወቅ። አስከሬኗን ያጠቡ ሴቶች ግን ከጥፍሯ ውስጥ ሲሚንቶውን ማውጣት አቅቷቸው ነበር።

ጋሽ በዳዳ ይህን ሲሰሙ፣ «ምሳ በማቀበል ሲሚንቶ ጥፍር ውስጥ አይገባም» አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ሰማን። ለገዛ ልጃቸው ራሳቸው ነፉ። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ «የበዳዳ ልጅ ጫልቱ አርፋለች» አሉ፤ ድምፃቸው አልተሰበረም። የተሰበረው የእኛ ነው።

አስከሬኗ በሆቴሉ ፊት ለፊት አለፈ። በእኛ ደንብ ቀብር ሲያልፍ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ወፍጮ ቤት እንኳ ያቆማል። ሲሚንቶ የሚያቦካው የመኩሪያ ሚክሰር ግን አልቆመም፤ ሆዱን እያገላበጠ ሲያጓራ ለቅሷችንን ዋጠው። መኩሪያ ቀብር አልመጣም። ድንኳኑ ሦስት ቀን ተተክሎ ሦስቱንም ቀን አልመጣም፤ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። የመጡት እናቱ ናቸው። እማማ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሦስቱን ቀን በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከአንገታቸው ቀና አላሉም።

ድንኳኑ የተነሣ ዕለት ጋሽ በዳዳ ሱቄ ገቡ። ክብሪት ነው አላሉም።

«ዘሀራ፣ ከዚያ ልጅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቤቴ መጥቶ ይቀመጥና ‹ሠራተኛዬ ነበረች› ይበል። ሁለት ቃል።»

«ባይልስ ጋሽ በዳዳ?»

«እስኪል ድረስ ያ ፎቅ በሰላም አይወጣም። እኔም አልሞትም።»

ከሱቄ ጎን ጎሚስታ አለ። ከጎሚስታው አሮጌ ጎማ ለምነው ተቀመጡበት፤ ፊታቸው ወደ ሆቴሉ። በየቀኑ። ሰዉ በሐዘን አእምሯቸው ተነካ አለ። እኔ ግን ዓይናቸውን አይ ነበር። እንደ ተማሪ ነው የሚያዩት፤ ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ እየቆጠሩ። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ይኸውልሽ፣ የፎቅ ወለሉን ሶሌታ ይሉታል። ሶሌታ የሚሞላው በአንድ ቀን ነው። ጠዋት ከጀመሩ ማታ ሳይጨርሱ ማቆም የለም። ካቆሙ ሲሚንቶው ግማሹ ይደርቃል፤ የደረቀውና እርጥቡ አይጋቡም። ያ ሶሌታ ፈርሶ እንደገና ነው።» አሉና ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ያኔ ገባኝ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፤ ወላሂ፣ ከደስታ ነው።

ሶሌታ የሚሞላ ቀን ባለቤቱ በግ ያርዳል፤ ለሠራተኛ ነው፣ ለበረከትም ነው። የአምስተኛው ፎቅ ዕለት በጉ ሲጎተት አየን። ሠራተኛው ከወትሮው እጥፍ ሆኖ መጣ። ሚክሰሩ ተነሣ። ጋሽ በዳዳ አልቸኮሉም። ሻይ ጠጡ። ወለሉ ወደ እኩሌታው ሲደርስ አስፋልቱን ተሻገሩ፣ በሩ ፊት ቆሙ፣ ነፉ።

«ያገር ሰው ስማ! የበዳዳ ልጅ ጫልቱ አርፋለች! ከዚህ ከአራተኛው ፎቅ ወድቃ አርፋለች! ያልሰማህ ስማ! ያልደረስክ ድረስ!»

ቀጥለው በኦሮምኛ።

ሠራተኞቹ ከየገጠሩ የመጡ ናቸው። ጥሩምባ ሰምቶ ሥራውን የቀጠለ ሰው በየአገራቸው ስሙ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። መጀመሪያ ሴቶቹ ባሬላቸውን መሬት አደረጉ። ከዚያ ወንዶቹ ሄልሜታቸውን አወለቁ። የሚክሰሩ ሰውዬ ወዲያ ወዲህ አየና አጠፋው። ዝም አለ። ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ ሲል የመንገዱ መኪና ሳይቀር የቆመ መሰለኝ።

ካቦው ከላይ እየተንደረደረ ወረደ። «ምንድን ነው የምታዩት? ይደርቃል! ኧረ በማርያም ይደርቃል! ፋዘር፣ እዚህ መቆም አይቻልም፣ ይሂዱ!»

«መዝገብህ ላይ የለሁም» አሉት ጋሽ በዳዳ። «ምሳ ላቀብል ነው የመጣሁት።»

ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሱ ሲመጣ ሁለተኛውን ዙር እየነፉ ነበር። የሟቿ ስም ሲጠራ እሱም ኮፍያውን አወለቀ። የሰው ልጅ አይደለ! ሠራተኛው ዳግመኛ ሥራ የጀመረው ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ኢንጂነሩ በማግስቱ አይቶ አፍርሱት አለ። ለሦስት ቀን በመዶሻ ሲቀጠቅጡ ዋሉ። ጋሽ በዳዳ ጎማቸው ላይ ተቀምጠው ድምፁን ሲያዳምጡ፣ «ይኸው፣ በግዳቸው ሦስት ቀን ተቀመጡላት» አሉ። ያን ቀን ነው ከልጃቸው ሞት በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው።

መኩሪያ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ይዘው የመጡት ሆቴሉ ሲያልቅ የዘበኝነት ሥራ፣ ከነደንብ ልብሱ ነው። «ማንን ነው የምጠብቅለት? እኔን?» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ተመለሱ። ያችን ሁለት ቃል ግን መኩሪያ አልላከም። ሠራተኛዬ ነበረች ካለ ነገ ጠያቂ ይመጣበታል፤ የጣውላውን፣ የመዝገቡን ጉዳይ ያነሣበታል። ስለዚህ ቀን መቀያየር ጀመረ። በጉን ተወ። ጋሽ በዳዳ ግን በጠጠሩ ክምር ያውቃሉ፣ በሴቶቹ ቁጥር ያውቃሉ። እሳቸው ሌላ ሰው ሊቀብሩ ሲሄዱ የምጠብቅላቸው እኔ ነበርኩ። ስድስተኛው በጥሩምባ ቆመ። ሰባተኛው ቆመ።

ለስምንተኛው መኩሪያ ትልቅ መኪና አመጣ። ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲሚንቶውን በቧንቧ የሚተፋ ነው። ነጂዎቹ ጆሯቸው ላይ መድፈኛ አድርገዋል። ጋሽ በዳዳ ነፉ፣ ደጋግመው ነፉ። መኪናው ተፋ፣ ተፋና ጨርሶ ሄደ። ተመልሰው ጎማው ላይ ሲቀመጡ ከንፈራቸው ደምቶ ነበር።

«ማሽን ለቅሶ አያውቅም ዘሀራ» አሉኝ።

ከዚያ ፎቁ እንደ ልቡ ወጣ። ዘጠኝ፣ አሥር። የጠዋት ፀሐዬን ወሰደብኝ። መስተዋት መለጠፍ ሲጀመር የጋሽ በዳዳ ጎማ ከነሰውዬው መስተዋቱ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ይታይ ነበር። አልተነሡም። እኔ እንኳ በልቤ ተሸነፉ ብዬ ነበር።

እማማ በላይነሽ ያን ጊዜ አረፉ።

ሰፈሩ በሙሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጋሽ በዳዳ ይነፋሉ ወይስ አይነፉም? ካልነፉ ሰው አይወጣም፤ ከነፉ ደግሞ ልጃቸውን ረሷት። አይነጋም ያልኩት ሌሊት ነጋ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሙ። ጠረጉ። ነፉ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ያገር ሰው ስማ! እማማ በላይነሽ አርፈዋል! ቀብራቸው ስድስት ሰዓት ላይ ነው!» ፊታቸውን ወደ ሆቴሉ አዞሩ። «ልጅ የላቸውም! ስሙ መዝገብ ላይ የለም! ልጆቻቸው እኛ ነን፣ ወጥተን እንቅበራቸው!»

በኦሮምኛም ደገሙት፤ ማንም አልሰማሁም እንዳይል።

የወጣው ሰው ብዛት! እኔ በዚህ ሰፈር እንደዚያ ያለ ቀብር አላየሁም። እማማ በላይነሽን ሁሉ ይወዳቸው ነበር፤ እንባው የውነት ነው። መኩሪያ ጥቁር ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጧል። ሰው ይገባል። አጠገቡ ይደርሳል። ያልፈዋል። ያስታመሟቸው የቤት ሠራተኛቸው ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ወደሷ ይሄድና «እግዜር ያጥናሽ ልጄ፣ ደክመሽላቸዋል» ይላታል። እሱን ማንም አላለውም። የሰደበው የለም፣ ክፉ የተናገረው የለም። እንደሌለ ሆነ።

የእኔም ተራ ደረሰ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ የከረሜላው ዓይን ነው። «እማማ ዘሀራ» አለ በቀስታ። አለፍኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ ልል እፈልጋለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታውም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ በዳዳ ቤት ሻይ በኩባያ ይዤላቸው ሄጄ ሳለሁ መኩሪያ በሩ ላይ ቆመ። ግባ አላሉትም።

«ሠራተኛዬ ነበረች» አለ።

«ማን?»

«ጫልቱ።»

«የማን ልጅ?»

«የእርስዎ።»

«ያን ጊዜ አንተ የት ነበርክ?»

ዓይኑን ወደ ፎቁ አነሣ። «እዚያው። ከላይ ሆኜ አየኋት።»

ጋሽ በዳዳ ኩባያውን ለእኔ መለሱልኝ። «ለእኔ አይደለም» አሉት። «ሠራተኞችህ ፊት።» ተከትለናቸው ሄድን። አሸዋ ክምሩ አጠገብ ቆሞ፣ ስሟን ከነአባቷ ጠርቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ተናገረው። ካቦው መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሰዎች መጡ፣ ወረቀት ተጻፈ፤ እሱን እኔ አላውቅበትም።

ተናግሮ ሲጨርስ መኩሪያ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ አለ። ያዙት።

«ስለ እናትህ እግዜር ያጥናህ» አሉት። «ደግ ሴት ነበሩ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«የሞትኩት እኔ አይደለሁም።»

«እሺ፣ መቃብሯ ላይ ሄጄ እሷን ይቅርታ ልጠይቅ። የት ነው ያለችው?»

ጋሽ በዳዳ ቀጥ ብለው አዩት። «ቀብሯ ዕለት ብትደርስ ኖሮ ታውቀው ነበር።»

በዚያው ከሰዓት ብቻቸውን ሄደው፣ ስሟ የተጻፈበትን የእንጨት መስቀል ከመቃብሯ ነቅለው በጋቢያቸው ጠቅልለው መጡ። «ፈልጋት። እናንተም እንዳትነግሩት» አሉ። ማንም አልነገረውም። ሆቴሉ አለቀ፤ መብራቱ ከኮዬ ፈጬ ይታያል ይላሉ። መኩሪያ ግን እሑድ እሑድ መኪናውን እያቆመ በየአጥቢያው መቃብር መሐል ይዞራል፤ ጎንበስ እያለ ስም ያነብባል።

ጋሽ በዳዳ ሲታመሙ ልጠይቃቸው ሄድኩ። «ከጫልቱ ጎን ነው የሚያሳርፉዎት፤ አይዞዎት» አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ። ትንፋሻቸው አጥሮ ነበር። «እኔን ሌላ ቦታ ቅበሩኝ። ቀብሬ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ከጎኗ ከሆንኩ ያገኛታል።»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

እንዳሉት ከልጃቸው ርቀው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። መኩሪያ መጣ። አፈር ሲመለስ በዙሪያው ያሉትን መቃብሮች አንድ በአንድ ሲያይ አየሁት። ሰው ሲበተን ወደ እኔ ቀረበ። ጸጉሩ ሸብቷል።

«እማማ ዘሀራ፣ እርስዎ ቀብሯ ላይ ነበሩ። የት እንዳለች ይንገሩኝ። እሳቸውም አሁን አርፈዋል።»

ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያኗን አውቃታለሁ፤ ዛፉንም አውቀዋለሁ፤ ከዛፉ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ።

«እኔ እስላም ነኝ ልጄ» አልኩት። «የክርስቲያን መቃብር የት አውቃለሁ?»